ዋንጫ ፍለጋ አንጋፋ ኮከብ ማስመጣት፦ ስለ ኤንቢኤ ልውውጦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በኤንቢኤ ተጫዋች ይገዛል ወይስ ይለወጣል?

ይለወጣል። በእግር ኳስ ክለቡ የዝውውር ሂሳብ ከፍሎ የፈለገውን ይወስዳል። በኤንቢኤ፣ በሰሜን አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ እንዲህ ያለ ሂሳብ የለም። ውል ያለውን ተጫዋች የፈለገ ቡድን በምትኩ ሌሎች ተጫዋቾችን፣ የወደፊት የድራፍት ምርጫዎችን ወይም ሁለቱንም ይሰጣል። ድራፍት ማለት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት፣ ለደካሞቹ ቀድሞ የመምረጥ ዕድል የሚሰጥ ሥርዓት ነው። ጥሬ ገንዘብ ሊጨመር ይችላል፤ ግን መጠኑ በሕግ የተገደበ ምራቂ ነው። ተጫዋቹ ነባር ውሉን እንደያዘ ይሄዳል፣ ቀሪውን ደመወዝ አዲሱ ቡድን ይከፍላል።

እናም የልውውጥ ዜና ስትሰሙ «ማን መጣ?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ሄደ?» በሉ። የመጣው ኮከብ ስሙ ትልቅ ስለሆነ ወሬውን ሁሉ እሱ ይወስደዋል፤ ዋንጫውን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ከቡድኑ የወጣውና በቡድኑ የቀረው ነው።

«አንጋፋ» የሚባለው ስንት ዓመት ሲሞላው ነው?

ቁርጥ ያለ ዕድሜ የለም። በተለምዶ ሠላሳን የተሻገረ፣ አሥር ዓመት አካባቢ የተጫወተ ኮከብ ነው። የደመወዝ ሕጉም ይህን ያከብዳል፤ እስከ ስድስት ዓመት የተጫወተ ሰው ከፍተኛ ደመወዙ የደመወዝ ጣሪያው (ሊጉ ለአንድ ቡድን ጠቅላላ ደመወዝ ያስቀመጠው ልክ) 25 በመቶ ሲሆን፣ አሥር ዓመት የሞላው እስከ 35 በመቶ ድረስ ይደርሳል። ጉልበቱ መቀነስ ሲጀምር ዋጋው ጫፍ ላይ ነው ማለት ነው።

ሁሉም እኩል አያረጅም። ፍጥነቱንና ዝላዩን ተማምኖ የሚኖር ተጫዋች ጉልበቱ አንዴ ከከዳው ሌላ መሣሪያ የለውም። ተኳሽ ግን ይቆያል። ሬይ አለን በ2013 የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ላይ ማያሚን ከሽንፈት ያወጣችውን የሦስት ነጥብ ኳስ ከጥግ ሲያስቆጥር 37 ዓመቱ ነበር።

ተጫዋቹ «አልሄድም» ማለት ይችላል?

በሕግ ደረጃ አብዛኞቹ አይችሉም። ያለፈቃዱ እንዳይለወጥ የሚከለክል አንቀጽ በውሉ ለማስገባት ተጫዋቹ በሊጉ ቢያንስ ስምንት ዓመት፣ ከዚያ ውስጥ አራቱን በዚያው ቡድን ማሳለፍ አለበት፤ ቡድኑም መስማማት አለበት። ይህ አንቀጽ የነበረው ብራድሊ ቢል በ2023 ከዋሽንግተን ወደ ፊኒክስ ሲሄድ አንቀጹን ይዞ ሄደ። ፊኒክስ በኋላ ሊለውጠው ሲያስብ ቁልፉ በተጫዋቹ እጅ ነበር፤ በመጨረሻም በ2025 ቀሪ ውሉን በስምምነት አፍርሰው ተለያዩ።

በተግባር ግን ትልልቆቹ ኮከቦች ሌላ ጉልበት አላቸው፦ «ወደዚያ ብትልኩኝ ውሌን አላራዝምም» ማለት። በ2007 ኬቨን ጋርኔት መጀመሪያ ላይ ለቦስተን ፍላጎት አልነበረውም፤ ሬይ አለን እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው ሐሳቡን የቀየረው፣ ውሉንም ያራዘመው። ይህ ጉልበት ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ዴሚየን ሊላርድ በ2023 ማያሚን ብቻ ነበር የፈለገው፤ ፖርትላንድ ወደ ሚልዋኪ ሰደደው።

ለአንድ ኮከብ አራት አምስት ተጫዋች የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ደመወዝ ለማመጣጠን ነው። ከደመወዝ ጣሪያው በላይ የሆነ ቡድን የሚያስገባው ደመወዝ ከሚያስወጣው ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት። ኮከቡ በዓመት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚከፈለው ከሆነና አንተ ያን ያህል የሚያገኝ ለመስጠት የምትፈቅደው ሰው ከሌለህ፣ ትንንሾቹን ደምረህ ትሞላዋለህ።

የጋርኔትን ልውውጥ ቀረብ ብለን እንየው። ጁላይ 31 ቀን 2007 ቦስተን ለሚኒሶታ አል ጄፈርሰንን፣ ራያን ጎምስን፣ ጄራልድ ግሪንን፣ ሰባስቲያን ቴልፌርንና ቲዮ ራትሊፍን ሰጠ፤ ሁለት የአንደኛ ዙር ምርጫና የተወሰነ ገንዘብም ጨመረ። አንድ ሰው ለማምጣት አምስት ሰው! ከአምስቱ እውነተኛው ዕንቁ ወጣቱ ጄፈርሰን ነበር። ራትሊፍ ጉዳት ያደከመው ሽማግሌ ሴንተር ቢሆንም ውሉ ከባድና በዚያው የውድድር ዓመት የሚያልቅ ስለነበር ለሒሳቡ የግድ ያስፈልግ ነበር። ደጋፊ «ይሄ ደግሞ ምን ሊያደርግላቸው?» የሚለው ተጫዋች ብዙውን ጊዜ እዚያ የተገኘው ለውሉ ሲባል ነው።

«ጥበቃ የሌለው ምርጫ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቡድኖች የወደፊት የድራፍት ተራቸውን አሳልፈው ሲሰጡ አብዛኛውን ጊዜ መጠበቂያ ያኖሩበታል፦ «ተራችን ከአንድ እስከ አራት ውስጥ ከወጣ ለራሳችን ይቀራል» እንደማለት። ጥበቃ የሌለው ግን ምንም ይሁን ምን ይሄዳል፤ ቡድኑ የሊጉ ውራ ሆኖ አንደኛውን ተራ ቢያገኝ እንኳ። «የመቀያየር መብት» የሚባለውም አለ፤ የሁለቱን ቡድኖች ተራ አወዳድሮ የተሻለውን የመውሰድ መብት ነው።

ሊጉ ቡድኖችን ከራሳቸው ለመጠበቅ ገደብ አበጅቷል። ከሰባት ዓመት በላይ ያለ ምርጫ አይሰጥም፤ በተከታታይ ሁለት የወደፊት ዓመታት የአንደኛ ዙር ምርጫ አልባ መሆንም አይቻልም። ይህ ሁለተኛው ሕግ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንድን ምርጫዎች እንደ ዘበት ያከፋፈሉት ባለቤት የቴድ ስቴፒየን ስም ቀርቶበታል። ብልሃተኛ ማናጀር ግን ያልፈዋል፦ አንዱን ዓመት ይሰጣል፣ በቀጣዩ የመቀያየር መብት ይሰጣል፣ በሦስተኛው እንደገና ምርጫውን ይሰጣል።

የዚህ ዓይነቱ ልውውጥ በደንብ የሠመረለት ቡድን ማን ነው?

ቦስተን ሴልቲክስ፣ 2007። በ2006–07 የውድድር ዓመት 24 አሸንፎ 58 ተሸነፈ፤ በመካከሉ 18 ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈበት ጊዜ ነበር። መጽናኛው የድራፍት ዕጣ ነበር፤ እሱም ከዳውና አምስተኛ ላይ ወደቀ። ማናጀሩ ዳኒ ኤንጅ ያችን አምስተኛ ተራ ከሁለት ተጫዋቾች ጋር ለሲያትል ሰጥቶ ሬይ አለንን አመጣ፤ ከአንድ ወር በኋላ ጋርኔት ተከተለ። ነባሩ ፖል ፒርስ ሲጨመር ሦስት ሆኑ፤ አንዳቸውም ዋንጫ አንስተው አያውቁም። በ2007–08 ቡድኑ 66 አሸንፎ 16 ብቻ ተሸነፈ። ጁን 17 ቀን 2008 ሌከርስን በስድስተኛው ጨዋታ 131 ለ92 አደባይቶ ከ1986 በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ።

ሁሉም የሚያስታውሰው ሦስቱን ነው። እኔ ግን ያልተሰጡትን ነው የምቆጥረው። ኤንጅ ጋርኔትን ለማምጣት ያን ሁሉ ሲያስረክብ ራጆን ሮንዶንና ኬንድሪክ ፐርኪንስን አልለቀቀም፤ አንዱ ኳስ አከፋፋይ፣ ሌላው ቅርጫት ስር የሚታገል ሴንተር። ከዚያ ጄምስ ፖዚንና ኤዲ ሃውስን በርካሽ አስፈረመ። ሦስቱ ኮከቦች ሲሰበሰቡ ሥራው አልቆ ቢሆን ኖሮ ያ ቡድን ዋንጫ አያይም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የሦስቱ አለመጋጨት ነው። አለን ኳስ ሳይዝ እየሮጠ ይተኩሳል፣ ፒርስ ኳስ ይዞ ይፈጥራል፣ ጋርኔት መከላከሉን ይመራል። ጋርኔት በዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸልሟል፣ ፒርስ የፍጻሜው ኮከብ ሆኗል። ሦስቱም ከዚያ በፊት ከሚሞክሩት ያነሰ ኳስ ሞክረው ነው ይህ የመጣው።

እነዚያኑ ጋርኔትንና ፒርስን ብሩክሊን ሲወስድ ለምን ከሸፈ?

ስማቸው ያው ነበር፤ ዓመቱ ግን 2013 ነው። ጋርኔት 37፣ ፒርስ 35። ብሩክሊን ኔትስ ሁለቱንና ጄሰን ቴሪን ለማምጣት የ2014፣ የ2016 እና የ2018 የአንደኛ ዙር ምርጫዎቹን ያለ ጥበቃ ሰጠ፤ በ2017 ደግሞ የመቀያየር መብት። በዚያ ዓመት 44 አሸንፎ 38 ተሸነፈ፣ በፕሌይኦፉ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት የማጠቃለያ ውድድር፣ ቶሮንቶን በሰባት ጨዋታ አለፈ፣ በሁለተኛው ዙር በማያሚ 4 ለ1 ተሸኘ። ለዚህች ጉዞ ባለቤቱ ከደመወዙ ሌላ ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የቅንጦት ግብር (ደመወዙ ከተወሰነ መስመር ያለፈ ቡድን የሚከፍለው ቅጣት) ከፈለ። ፒርስ በዓመቱ ሄደ፣ ጋርኔት በ2015 ፌብሩዋሪ ወደ ሚኒሶታ ተመለሰ።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብሩክሊን በ2015–16 ያሸነፈው 21 ጨዋታ፣ በቀጣዩ ዓመት 20 ብቻ ነው። ሌላ ቡድን እንዲህ ሲወድቅ ቢያንስ በድራፍቱ ይካሳል፤ ብሩክሊን ግን የራሱን ሽንፈት ፍሬ ለቦስተን ያስረክብ ነበር። በ2016 ቦስተን በዚያ ምርጫ ጄለን ብራውንን ወሰደ። በ2017 የብሩክሊን ተራ አንደኛ ሆኖ ወጣ፤ ቦስተን ያንን ለፊላደልፊያ ሰጥቶ በሦስተኛው ተራ ጄሰን ቴተምን፣ በላዩ ሌላ ምርጫ ጨምሮ አገኘ። ሁለቱ በ2024 ዋንጫ ሲያነሱ የፍጻሜው ኮከብ ብራውን ነበር።

ብሩክሊን የተሳሳተው አንጋፋ በማምጣቱ አይመስለኝም። የሚከፍለውን ነገር መጠን ከሚያገኘው ጊዜ ጋር አላስተያየም። የ37 ዓመት ሰው ቢበዛ ሁለት ዓመት ይሰጥሃል፤ አንተ የሰጠኸው ግን አምስት ድራፍቶችን የሚሸፍን ነው።

ሦስት ኮከብ ያለው ቡድን ለምን ይሸነፋል?

በአንድ ጨዋታ አምስት ቦታ አለ፣ 48 ደቂቃ አለ፤ ሲባዛ 240 ደቂቃ። ሦስት ኮከቦች እያንዳንዳቸው 36 ደቂቃ ቢጫወቱ 108 ይሸፍናሉ። ከግማሽ በላይ የሆነው ቀሪ 132 ደቂቃ የሌሎች ነው። እነዚያን ሌሎች ለልውውጡ ከሰጠሃቸው፣ ገንዘቡንም ሦስቱ ከጨረሱት፣ ደቂቃውን የሚሞሉልህ በአነስተኛው ደመወዝ የሚገኙ ናቸው።

ፊኒክስ ሰንስ የቅርቡ ማሳያ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ኬቨን ዱራንትን ለማምጣት ሚካል ብሪጅስን፣ ካም ጆንሰንን፣ ጄ ክራውደርንና አራት ጥበቃ የሌላቸው የአንደኛ ዙር ምርጫዎችን ሰጠ። በክረምቱ ብራድሊ ቢል ተጨመረ። ዱራንት፣ ቢልና ዴቪን ቡከር በ2023–24 የሦስቱ ደመወዝ ብቻ የሊጉን ጣሪያ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ውጤቱ በመጀመሪያው ዙር በሚኒሶታ 4 ለ0፤ በቀጣዩ ዓመት 36 አሸንፎ 46 ተሸንፎ ጭራሽ ፕሌይኦፍ አልገባም። ዱራንት በ2025 ወደ ሂውስተን ሄደ።

አስቡት፤ ብሪጅስና ጆንሰን በርቀት የሚተኩሱ፣ ኳስ የማይሻሙ፣ የሚከላከሉ የክንፍ ተጫዋቾች ናቸው። ከሦስት ባለ ኳሶች አጠገብ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ፊኒክስ ኮከቡን ያመጣው ኮከቡን የሚያበሩትን ሰጥቶ ነው።

ጉዳትም አለ። ሌከርስ በ2012 የ38 ዓመቱን ስቲቭ ናሽንና ድዋይት ሃዋርድን ከኮቢ ብራያንት ጋር አሰባሰበ። ናሽ ገና በሁለተኛው ጨዋታ እግሩ ተሰበረ፣ አሰልጣኙ ከአምስት ጨዋታ በኋላ ተባረረ፣ ኮቢ በኤፕሪል የቁርጭምጭሚት ጅማቱ ተበጠሰ። ሳን አንቶኒዮ በመጀመሪያው ዙር 4 ለ0 ጠረጋቸው። ይህን «ዕድለ ቢስነት» የሚሉ አሉ። ከሠላሳ አምስት በላይ የሆነ ሰው ላይ ቡድን ስትመሠርት ግን ጉዳትን እንደ ድንገተኛ ነገር ልትቆጥረው አትችልም።

በክረምት ማምጣት ይሻላል ወይስ በውድድሩ መካከል?

በክረምት የመጣ ተጫዋች አብሮ ይዘጋጃል፤ በፌብሩዋሪ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ፕሌይኦፍ ነው። ያም ሆኖ በመካከል የተደረጉ ልውውጦች የሚያስገርም ታሪክ አላቸው፤ ምክንያቱ ቡድኑ ምን እንደጎደለው በጨዋታ አይቶት ስለሚገባበት ይመስለኛል። ሂውስተን በፌብሩዋሪ 1995 ነባሩን ኦቲስ ቶርፕን ለፖርትላንድ ሰጥቶ የ32 ዓመቱን ክላይድ ድሬክስለር አመጣ፤ ከሐኪም ኦላጁዋን ጋር የዩኒቨርሲቲ ቡድን ጓደኛሞች ነበሩ። ወዲያው አልተሻሻለም፤ ፕሌይኦፍ የገባው ስድስተኛ ሆኖ ነው። ግን ዩታን፣ ፊኒክስን፣ ሳን አንቶኒዮን አልፎ ኦርላንዶን 4 ለ0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከስድስተኛ ደረጃ ተነስቶ ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ቡድን የለም።

ቶሮንቶ በ2019 ማርክ ጋሶልን ሲያመጣ 34 ዓመቱ ነበር፣ ነጥብ ማስቆጠሩም ቀንሶ ነበር። የመጣው ለሌላ ሥራ ነው። በሁለተኛው ዙር ጆኤል ኤምቢድን ፊት ለፊት ገጥሞ አስቸገረው፤ ቶሮንቶ ያን ፍልሚያ በሰባተኛው ጨዋታ በካዋይ ሌናርድ የመጨረሻ ኳስ አለፈ፣ ከዚያም ሻምፒዮን ሆነ። በዋንጫው ዓመት ስለ ጋሶል የነጥብ አማካይ ማንም አላወራም።

ደመወዛቸውን ቀንሰው ቀለበት (የሻምፒዮንነት ሽልማት) ፍለጋ የሚፈርሙትስ?

እነሱ በልውውጥ የመጡ አይደሉም። ውላቸው አልቆ ወይም በስምምነት ፈርሶ ነጻ የሆኑ ናቸው፤ ቡድኑ የሚከፍለው ትንሽ ደመወዝ ብቻ ስለሆነ ኪሳራው ቀላል ነው። በውድድሩ መካከል ውሉ የፈረሰ ተጫዋች ከማርች 1 በፊት ካልተለቀቀ ለሌላ ቡድን ፕሌይኦፍ መጫወት አይችልም፤ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን የምትሰሙት ግርግር ለዚህ ነው።

ካርል ማሎንና ጋሪ ፔይተን በ2003 እንዲህ ሌከርስ ገቡ፤ ማሎን በጉልበቱ ጉዳት ተያዘና በ2004 ፍጻሜ ዲትሮይት 4 ለ1 አሸነፋቸው። ማሎን ያለ ቀለበት ጡረታ ወጣ። ፔይተን አልተወም፤ ማያሚ ገባ፣ በ2006 ፍጻሜ ዳላስ ቡድኑን 2 ለ0 እየመራው ሳለ በሦስተኛው ጨዋታ ማብቂያ ላይ ወሳኟን ኳስ አስቆጠረ። ማያሚ ከዚያ በኋላ አልተሸነፈም።

ሁሉም የሚያወራለት «ሁለተኛው ኤፕረን» ምንድን ነው?

ከደመወዝ ጣሪያውና ከቅንጦት ግብሩ መስመር በላይ የተሰመረ፣ በ2023ቱ የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት የመጣ ድንበር ነው። በ2025–26 ጣሪያው 154.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ሁለተኛው ኤፕረን 207.8 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ድሮ ሀብታም ባለቤት ግብሩን ከፍሎ ይገላገል ነበር። አሁን ግን መስመሩን ያለፈ ቡድን የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ኮከብ ማምጣት አይችልም፣ በልውውጥ ገንዘብ መጨመር አይችልም፣ ካስወጣው በላይ ደመወዝ ማስገባትም አይችልም፤ በሰባተኛው ዓመት ላይ ያለ የአንደኛ ዙር ምርጫውም ይታገድበታል።

አምስት ሰው ደምሮ አንድ ጋርኔት የማምጣት ጥበብ ለእነዚህ ቡድኖች ተዘግቷል ማለት ነው። በዚህ ዘመን ኮከብ የሚያሰባስብ ማናጀር አንዴ ከተሳሳተ ማረሚያ መሣሪያውም አብሮ ይወሰድበታል።

ልውውጡ ከሰረ ወይም አተረፈ የሚባለው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው?

ዜናው በወጣ ማግስት ነጥብ የሚሰጡ አሉ፤ አትስሟቸው። ዳላስ በ2008 ወጣቱን ዴቪን ሃሪስንና ሁለት የአንደኛ ዙር ምርጫ ሰጥቶ የ34 ዓመቱን ጄሰን ኪድ ሲያመጣ ብዙ ተሳቀበት፤ በዚያ ዓመትም በመጀመሪያው ዙር ወጣ። ኪድ በ38 ዓመቱ፣ በ2011፣ ማያሚን አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ የሳቁት ጸጥ አሉ።

ተቃራኒው ደግሞ የክሊፐርስ ነው። በ2019 ለፖል ጆርጅ ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደርን፣ ዳኒሎ ጋሊናሪን፣ አምስት የአንደኛ ዙር ምርጫና ሁለት የመቀያየር መብት ሰጠ። በእርግጥ ዋጋው ለአንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ካዋይ ሌናርድ አብሮ መጥቷል። ክሊፐርስ ፍጻሜ ሳይደርስ ጆርጅ በ2024 በነጻ ሄደ። ጊልጀስ-አሌክሳንደር በ2025 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች፣ የፍጻሜው ኮከብና ሻምፒዮን ሆነ፤ ከክሊፐርስ በተገኘው ምርጫ የተመለመለው ጄለን ዊሊያምስም ከጎኑ ነበር።

የቶሮንቶው ካዋይስ? አንድ ዓመት ተጫውቶ በነጻ ሄደ። ግን ዋንጫ አመጣ። ያንን ኪሳራ የሚል የቶሮንቶ ደጋፊ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ማናጀሮቹ ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ይደግሙታል?

ልውውጡ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለሚመጣው ኮከብ ሳይሆን ቤት ውስጥ ላለው ነው። በኖቬምበር 2020 ሚልዋኪ ለጁሩ ሆሊዴይ ኤሪክ ብሌድሶን፣ ጆርጅ ሂልንና በርካታ ምርጫዎችን ሲከፍል ብዙዎች «ለዚህ ሰው?» አሉ። በቀጣዩ ወር ያኒስ አንቴቶኩንፖ ረጅሙን ውል ፈረመ፤ በ2021 ሚልዋኪ ከ50 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሳ። በ2023ም ሊላርድ በመጣ በወሩ ገደማ ያኒስ ውሉን አራዘመ።

ያ ሁለተኛው ግን ሆሊዴይን አስከፍሏል። ፖርትላንድ በቀናት ውስጥ ሆሊዴይን ለቦስተን አሳለፈው፤ ቦስተንም በዚያው የውድድር ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ሚልዋኪ በ2024 እና በ2025 በኢንዲያና በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ፣ ሊላርድም በሁለተኛው ዓመት የቁርጭምጭሚት ጅማቱ ተበጠሰ። ይሁንና ማናጀሩን ወንበሩ ላይ ሆኖ ማሰብ ነው። የያኒስ መሄድ ዛሬ ያስባርረዋል፤ ያስረከበው ምርጫ ከስድስት ዓመት በኋላ ጥሩ ተጫዋች ሆኖ ሲወጣ ግን ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።